ከሩቅ ሲጠሩት የማይመልስ ቤት



የዛሬው ጨዋታችን ርእሱን ብቻ ለሚሰማ ሰው የጥቂት ባለሙያዎች ጉዳይ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ከተወለደበት ቀዬ ርቆ የሚማረውን ተማሪ፣ ከቤተሰቡም ተለይቶ በሌላ ወረዳ የተመደበውን ወጣት ሠራተኛ ሁሉ የሚነካ ነው። ይኸውም በቤት የተቀመጠ የድምፅ፣ የፎቶግራፍና የፊልም ማኅደር ከሩቅ ሲጠሩት ለምን ዝም እንደሚል፣ እንዲመልስም ለማድረግ ምርመራውን ከየት ጀምሮ ወዴት ማድረስ እንደሚገባ የሚመለከት ነው።

ነገሩ እንዲገባን በምሳሌ እንያዘው። በታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ በአርብ ገበያ የሚኖር አንድ ቤተሰብ አለ እንበል። የቤቱ ታላቅ ልጅ ባሕር ዳር ይማራል። በክረምቱ ዕረፍት ወደ ቤቱ በመጣ ጊዜ አያቱን ከምድጃው አጠገብ አስቀምጦ የድሮውን ታሪክ፣ ተረቱንና የዘር ቈጠራውን በስልኩ ሲቀርጽ ሰነበተ። የአጎቱን የሠርግ ፊልም፣ የቤተሰቡን ፎቶግራፎች፣ ለታናሽ እኅቱም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የሒሳብና የፊዚክስ ትምህርቶችን ሰበሰበ። ይህን ሁሉ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ አኖረና ጄሊፊን የተባለውን ፕሮግራም ጫነበት።

ጄሊፊን በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ኤምቢ ከተባለው ፕሮግራም ተከፍሎ የወጣ፣ ማንም ሰው ያለ ክፍያ የሚጠቀምበት ፕሮግራም ነው። ሥራውም በኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ድምፅና ፊልም እንደ ቤተ መጻሕፍት በየዓይነቱ ደርድሮ፣ ለጠየቀው ስልክ ወይም ቴሌቪዥን ማቅረብ ነው። ፕሌክስ የሚባለውም የዚሁ ዓይነት ነው። እንዲህ ሲጠየቅ የሚሰጥ ኮምፒዩተር ሰርቨር ይባላል፤ ትርጓሜውም አገልጋይ ማለት ነው።

ልጁ እቤት ሳለ ነገሩ ሁሉ ያማረ ነበር። አያቱ የገዛ ድምፃቸውን ከእኅቱ ስልክ ሲሰሙ እየሳቁ አማተቡ። መስከረም ጠባ፤ ልጁም ወደ ትምህርቱ ሄደ። በዚያው ዓመት አያቱ ዐረፉ። ከቀብር መልስ ድምፃቸውን ለመስማት ናፍቆ ባሕር ዳር ላይ ሆኖ አድራሻውን ቢጽፍ፣ ስልኩ ጥቂት ሲያሽከረክር ቈየና መገናኘት እንዳልተቻለ ነገረው። ደግሞ ሞከረ፤ ያው ነው።

ውድ አንባቢ፣ በዚህ ሰዓት ሰው ሁሉ የሚያደርገው አንድ ነው። ያገኘውን ቁልፍ ሁሉ መነካካት፣ ፕሮግራሙን ነቅሎ እንደ ገና መትከል፣ የራውተሩንም ትእዛዝ መለዋወጥ ነው። ከጥቂት ሰዓት በኋላም የመጀመሪያው ብልሽት የቱ እንደ ሆነ፣ ራሱ ያመጣውስ የቱ እንደ ሆነ መለየት ያቅተዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ ነው። ስለዚህ የምርመራው ሕግ ይህ ይሁን፦ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ አንድ በር ከአንድ በር በኋላ፤ ያልተፈተነ በር ወደ ኋላ ሳይተዉ፣ የለወጡትንም ነገር ሁሉ በወረቀት እየጻፉ መሄድ ነው።

የመጀመሪያው በር እጅግ ቀላል ከመሆኑ የተነሣ ብዙ ሰው ይንቀዋል። ኮምፒዩተሩ በርቷልን? ይህን ከባሕር ዳር ሆኖ ማወቅ የሚቻለው እቤት ያለ ሰው ሲጠይቁ ነው። የእኛም ተማሪ ወደ እኅቱ ይደውላል፦

«እታለም፣ እንደምን ዋላችሁ? ያች ኮምፒዩተር በርታለች?»

«ደኅና ዋልን፣ ወንድምዓለም። መብራት ከትናንት ወዲያ ሄዶ ዛሬ ረፋድ ላይ ነው የመጣው።»

«እሱስ ይሁን። ከጎኗ ያለችው ትንሽ መብራት ትታይሻለች?»

«አትታይም። እማ አቧራ እንዳይነካት ብላ ክዳኗን ከድናታለች።»

እነሆ፣ በአንድ ጥያቄ ሁለት ምክንያት ተገኘ። ላፕቶፕ ክዳኑ ሲዘጋ እንዲተኛ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ሰርቨር የሆነ ላፕቶፕ ክዳኑ ቢዘጋም እንዳይተኛ በቅድሚያ ሊታዘዝ ይገባዋል። እንደዚሁም መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ራሱ ይነሣል፤ ባትሪው ያለቀበት ኮምፒዩተር ግን ብዙውን ጊዜ ቁልፉን የሚጫንለት ሰው ይጠብቃል። በብዙ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች፣ በአንዳንድ ላፕቶፖችም ላይ፣ መብራት ሲመለስ ያለ ሰው እጅ እንዲነሣ የሚያደርግ ትእዛዝ አለ፤ ይኸውም ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ከመነሣቱ በፊት በሚከፈተው የኮምፒዩተሩ መሠረታዊ ገጽ ላይ ይገኛል። ከዚህም በላይ ጄሊፊን ራሱ፣ ማንም የይለፍ ቃል ሳይጽፍ፣ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ እንዲነሣ መደረግ አለበት። ኮምፒዩተሩ ነቅቶ ፕሮግራሙ ተኝቶ ከሆነ፣ ቤቱ በርቶ አስተናጋጁ እንደ ሌለበት ሻይ ቤት ነው።

ሁለተኛው በር ኮምፒዩተሩ ላይ ያለው ነው። እኅቲቱ ብሮውዘሩን ከፍታ 127.0.0.1:8096 ብላ ትጻፍ። 127.0.0.1 ማለት በኮምፒዩተር ቋንቋ «እኔው ራሴ» ማለት ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው 8096 ፖርት ይባላል፤ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ እንዳለ የቢሮ ቁጥር ቢቈጥሩት ይገባዎታል። ጄሊፊን የሚቀመጠው በ8096 ነው፤ ፕሌክስ ደግሞ በ32400። ገጹ ከተከፈተ ፕሮግራሙ ደኅና ነው፤ ብልሽቱ ከዚህ በላይ ነው ማለት ነው። ካልተከፈተ ግን የቀረውን በር ሁሉ መፈተን ከንቱ ድካም ነው።

ሦስተኛው በር የቤቱ ነው። እኅቲቱ ስልኳን በቤቱ ዋይፋይ ላይ አድርጋ የኮምፒዩተሩን የቤት ውስጥ አድራሻ ትጻፍ፤ ለምሳሌ 192.168.1.20:8096 ይሆናል። ሁለተኛው በር ተከፍቶ ይህኛው ቢዘጋ ከሁለት ነገር አንዱ ነው። አንደኛው፣ አድራሻው ተለውጧል። ራውተር በቤቱ ላሉት ዕቃዎች አድራሻ የሚያድለው ለጊዜው ስለ ሆነ፣ መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ትናንት 20 የነበረውን ዛሬ 23 ሊያደርገው ይችላል። መድኀኒቱም በራውተሩ ገጽ ላይ ያንን ቁጥር ለዚያ ኮምፒዩተር ብቻ እንዲጠበቅ ማስመዝገብ ነው። ሁለተኛው፣ ፋየርዎል የተባለው የኮምፒዩተሩ ዘበኛ እንግዳ አላስገባም ብሏል። በዊንዶውስ ላይ የቤቱ ዋይፋይ እንደ ሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታ ተቈጥሮ ከተመዘገበ ዘበኛው ይጠብቃል፤ የግል ቤት ተብሎ ሲመዘገብ ግን ይላላል። ዘበኛውን ጨርሶ ማባረር አይገባም፤ የሚያስገባውን ማስታወቅ ይበቃል።

እነዚህ ሦስቱ በሮች ከተከፈቱ ቤቱ ጤነኛ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ ስለሚያወጣን፣ ስለ አድራሻ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል።

ውድ አንባቢ፣ እርስዎ ተማሪ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ነዎትና የፖስታን ነገር አያጡትም። በአገራችን ፖስታ በ1886 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከተቋቋመ ወዲህ፣ ደብዳቤ እየተቈለፈ በሚከፈት ሣጥን ሲጠበቅ እንጂ ቤት ለቤት ሲታደል አልተለመደም። አንድ ትምህርት ቤት አንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይኖረዋል፤ መምህራኑ ሁሉ ደብዳቤያቸው የሚመጣው በዚያው ቁጥር ነው። ከሣጥኑ ወስዶ ለየባለቤቱ የሚያድለው የመዝገብ ቤቱ ሹም ነው።

በቤትዎ ያለው ራውተር ይህ የመዝገብ ቤት ሹም ነው። በቤቱ ውስጥ ያሉት ስልኮችና ኮምፒዩተሮች የየራሳቸው የውስጥ ቁጥር አላቸው፤ ወደ ውጭ ግን ሁሉም የሚጽፉት በአንድ የሣጥን ቁጥር ነው። እኅቲቱ ከስልኳ ወደ ውጭ ጥያቄ ብትልክ ሹሙ በመዝገቡ ይጽፈዋል፤ መልሱም ሲመጣ የማን እንደ ሆነ ያውቃልና ይሰጣታል። ነገር ግን ማንም ሳይጠይቅ ከውጭ «ለዚህ ሣጥን» ብቻ የሚል ደብዳቤ ቢመጣ ሹሙ የማን እንደ ሆነ አያውቅም፤ ይጥለዋል። የእኛ ተማሪ ከባሕር ዳር የጻፈው ጥሪም የደረሰበት ይኸው ነው። እንዲያውም የቤት ውስጡን ቁጥር፣ 192.168.1.20ን፣ ጽፎ ከሆነ ከናካቴው መንገድ አልጀመረም። ያ ቁጥር በዓለም ላይ ባሉ እጅግ ብዙ ቤቶች ውስጥ የሚገኝ ነውና፣ «ለሦስተኛ ክፍል አስተማሪ» ተብሎ አገሩ ሳይጠቀስ እንደ ተላከ ደብዳቤ ነው።

ለዚህ የቈየው መድኀኒት ሹሙን ማስጠንቀቅ ነው። «በ8096 ቁጥር የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ የዚያ ኮምፒዩተር ነው» ብሎ በራውተሩ ላይ ማስመዝገብ ማለት ነው፤ ይህም ፖርት ማስተላለፍ ይባላል። ብዙ መመሪያዎች ይህን ብቻ ያስተምራሉ። የአገራችንም ወጣት እንዳነበበው ያደርግና፣ ሁሉን በትክክል ፈጽሞ ሳለ፣ በሩ ሳይከፈትለት ይቀራል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

ምክንያቱ የቁጥር ማነስ ነው። እስከ ዛሬ በብዛት የምንጠቀምበት የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት የተደነገገው በ1981 እ.ኤ.አ. ነው። ሊሰጥ የሚችለው ቁጥር በጠቅላላው 4,294,967,296 ነበር፤ በዚያን ጊዜ ከመረቡ ጋር የተገናኘ ኮምፒዩተር በጥቂት ዩኒቨርሲቲዎችና መሥሪያ ቤቶች ብቻ ይገኝ ስለ ነበር የማያልቅ መሰለ። ዛሬ ግን የዓለም ሕዝብ ከ8 ቢሊዮን በላይ ነው፤ አንዱም ሰው ስልክና ኮምፒዩተር ደርቦ ይይዛል። በየካቲት ወር 2011 እ.ኤ.አ. ለክፍለ ዓለማቱ አዳይ ድርጅቶች የሚከፋፈለው የመጨረሻው ክምችት ተሰጥቶ አለቀ። በሚቀጥለው ዓመት በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ፣ አንድ የቴሌኮም ድርጅት ብዙ ደንበኞቹን ከአንድ የውጭ ቁጥር በስተ ኋላ እንዲያሰልፍ፣ ከ100.64.0.0 እስከ 100.127.255.255 ያለው ለዚሁ ተለይቶ ተመደበ።

በምሳሌያችን ስንመለስ፣ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱ ሣጥን መኖሩ ቀርቶ፣ ወረዳው ለትምህርት ቤቶቹ ሁሉ አንድ ሣጥን ብቻ ተከራየ ማለት ነው። እርስዎ ለትምህርት ቤትዎ ሹም ያስመዘገቡት ማስጠንቀቂያ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ደብዳቤው ከወረዳው ሹም እጅ ወድቆ ይቀራል እንጂ ከእርስዎ ሹም ዘንድ አይደርስም። የወረዳውን ሹም ደግሞ እርስዎ ልታዘዝልኝ ሊሉት አይችሉም። በአነስተኛ ከተሞቻችን ኢንተርኔት ብዙውን ጊዜ ቤት የሚገባው ሲም ካርድ በሚጐርስ ራውተር ነው፤ በዓለም ዙሪያም በሞባይል መረብ ላይ ያለ ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ባለ የጋራ ቁጥር ሥር ነው።

ይህንን ግን በግምት መቀበል አያስፈልግም፤ በሁለት ደቂቃ መርምሮ ማወቅ ይቻላል። አራተኛው በር ይህ ነው። በመጀመሪያ፣ በራውተሩ ሆድ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለውን አድራሻ በብሮውዘር ጽፈው የራውተሩን ገጽ ይክፈቱ፤ «ዋን» በሚለው ርእስ ሥር ያለውንም ቁጥር በወረቀት ይጻፉ። ሁለተኛ፣ በዚያው ዋይፋይ ላይ ሆነው የውጭ አድራሻዎ ምን እንደ ሆነ ከሚነግሩት የኢንተርኔት ገጾች አንዱን ይጠይቁ። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ከሆኑ ሣጥኑ የእርስዎ ነው፤ ፖርት ማስተላለፍ ሊሠራልዎ ይችላል። ከተለያዩ ግን፣ በተለይም በራውተሩ ላይ ያለው በ10 ወይም በ192.168 የሚጀምር፣ ወይም ከ172.16 እስከ 172.31፣ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው መካከል የሚገኝ ከሆነ፣ ከእርስዎ በላይ ሌላ ሹም አለ። ከዚያ በኋላ በራውተሩ ላይ የሚያጠፉት ሌሊት ሁሉ በከንቱ የጠፋ ሌሊት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ያስተውሉ። የውጭውን በር ሲፈትኑ በውነት ውጭ መሆን ይገባል። እቤት ተቀምጦ በቤቱ ዋይፋይ ላይ ሆኖ የውጭውን አድራሻ መሞከር አያስተማምንም፤ አንዳንዱ ራውተር ከውስጥ ወጥቶ ተመልሶ በራሱ በር የሚገባን እንግዳ አይቀበልምና። የስልኩን ዋይፋይ አጥፍቶ በሞባይል ዳታ መሞከር ነው የሚሻለው።

እንግዲህ ከወረዳው ሹም በታች የሆነ ሰው ምን ያድርግ? አንደኛው መንገድ ከቴሌኮም ድርጅቱ የግል የሆነ፣ የማይለወጥ የውጭ አድራሻ መጠየቅ ነው፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ለድርጅቶች የሚሰጥና ተጨማሪ ክፍያ የሚጠይቅ ነው። ሁለተኛው መንገድ ለተማሪና ለወጣት ሠራተኛ ኪስ የሚስማማ ሲሆን፣ ብልሃቱም ከመዝገብ ቤቱ ሹም ጠባይ የተገኘ ነው። ሹሙ ሳይጠየቅ የመጣውን ይጥላል፤ ከውስጥ ለተላከ ጥያቄ የመጣን መልስ ግን ያስገባል ብለናል። ስለዚህ ውጭ ያለው ሰው ወደ ውስጥ በመጥራት ፈንታ፣ ውስጥ ያለው ኮምፒዩተር አስቀድሞ ወደ ውጭ ይጥራ። ባሕር ዳር ያለውም ስልክ እንዲሁ ወደ ውጭ ይጥራ። ሁለቱም የሚያምኑት አንድ መገናኛ ቦታ ላይ ይተዋወቁና፣ ከዚያ በኋላ በመካከላቸው የተቈለፈ ዋሻ ይከፍታሉ። በዋሻው ውስጥ የሚያልፈውን መገናኛ ቦታው እንኳ ሊያነበው አይችልም።

ዋየርጋርድ የተባለው የዚህ ዓይነት ቍልፍ ሥርዓት በመጋቢት ወር 2020 እ.ኤ.አ. በሊኑክስ ልብ ውስጥ ተካትቶ ወጣ። በእርሱም ላይ የተሠራው ቴይልስኬል ለግል መጠቀሚያ ያለ ክፍያ የሚገኝ ዕቅድ ያለው ሲሆን፣ የሚጠይቀው ነገር ቢኖር በቤቱ ኮምፒዩተርና በስልኩ ላይ መጫንና በአንድ ሰው ስም መግባት ብቻ ነው። ከዚያም ለየዕቃው በ100 የሚጀምር አድራሻ ይሰጣል፤ የእኛም ተማሪ ከባሕር ዳር ያንን አድራሻና 8096ን ሲጽፍ የአርብ ገበያው ኮምፒዩተር ይመልስለታል። ይህ በ100 የሚጀምረው ቁጥር ቀደም ሲል ከተናገርነው የቴሌኮም የጋራ ቁጥር ጋር ስለሚመሳሰል ግር እንዳይልዎ።

ዋሻው ከተከፈተ በኋላም ሦስት ነገሮች ሰውን ያሰናክላሉ። የመጀመሪያው፣ ጄሊፊን ራሱ ከሩቅ የሚመጣን ሰው እንዲቀበል በሁለት ቦታ ላይ ፈቃድ ይጠይቃል፤ አንዱ ለሰርቨሩ በሙሉ፣ ሌላው ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ። ሁለተኛው፣ ቴይልስኬል ላንድ ዕቃ የሰጠው ቍልፍ፣ ካልተለወጠ በቀር፣ ከ180 ቀን በኋላ ይሞታል። 180 ቀን በእኛ አቈጣጠር ልክ ስድስት ወር ነው። መስከረም 1 ቀን የተጫነ መጋቢት 1 ቀን ማንም ሳይነካው ዝም ይላል፤ ባለቤቱም መብራቱን፣ ራውተሩንና መረቡን ሲያማ ይከርማል። እቤት ለሚቀመጠው ኮምፒዩተር ይህ የጊዜ ገደብ እንዲነሣ ከመሄድ በፊት ማዘዝ ነው። ሦስተኛው የመሥሪያ ቤት ነገር ነው። ወጣት ሠራተኛ በመንግሥት ኮምፒዩተር ላይ እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ያለ ፈቃድ ሊጭን አይገባውም፤ የግል ስልኩ ይበቃዋል።

አንዳንድ ሰው «ይህ ሁሉ ለምን? በሬን ወለል አድርጌ ብከፍተውስ ማን ይጐዳኛል? ያለኝ የሠርግ ፊልም ነው» ይል ይሆናል። ለዚህ ሰው አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገረው። ላስትፓስ የተባለው የብዙ ሰዎችን የይለፍ ቃል የሚያስቀምጥ ኩባንያ በ2022 እ.ኤ.አ. ተዘርፏል። በሚከተለው ዓመት እንደ ተገለጠው፣ ሌቦቹ የገቡት በኩባንያው ትልቅ በር አልነበረም። ከኩባንያው መሐንዲሶች የአንዱ የቤት ኮምፒዩተር ላይ የነበረውን ፕሌክስ በመጠቀም ገቡና፣ መሐንዲሱ የሚጽፈውን ሁሉ እየሰረቁ የኩባንያውን ቍልፍ አገኙ። ይባስ ብሎ ያ የፕሌክስ ቀዳዳ የተደፈነው በግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ማስተካከያው ከሁለት ዓመት በላይ ቀርቦ ሳለ በዚያ ኮምፒዩተር ላይ አልተጫነም። ሌባ የሠርግ ፊልም ፈልጎ አይመጣም፤ የገባበት ቤት ከማን ቤት ጋር እንደሚገናኝ አይቶ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙን በየጊዜው ማደስ፣ ረዘም ያለ የይለፍ ቃል ማድረግ፣ ለመላው ዓለም ከተከፈተ በር ይልቅም የተቈለፈውን ዋሻ መምረጥ ብልህነት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ኪስ እንምጣ። በሩ ሁሉ ተከፍቶ ፊልሙ እየተቈራረጠ ቢያስቸግር ብልሽት አይደለም፤ የመንገዱ ጥበት ነው። እኛ ዘወትር የምንመካው ከውጭ ወደ ቤት በሚገባው ፍጥነት ነው፤ ሰርቨር ግን የሚሠራው ከቤት ወደ ውጭ በሚወጣው ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ የቀጠነ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። በሴኮንድ 1 ሜጋቢት የሚወስድ ፊልም በአንድ ሰዓት 450 ሜጋባይት ይበላል። በሴኮንድ 8 ሜጋቢት የሚወስደው ጥርት ያለ ፊልም ደግሞ በሰዓት 3.6 ጊጋባይት ይፈጃል፤ ያውም በሁለቱም ወገን፣ ከቤቱ ጥቅልም ከተማሪውም ጥቅል ነው የሚቀነሰው። በጄሊፊን ላይ ለሩቅ ተመልካች የፍጥነት ጣሪያ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ሰርቨሩ ፊልሙን በያዘው ሰዓት እየቀነሰ ለመላክ ብዙ ይደክማል፣ አሮጌ ላፕቶፕም ይግላል። ስለዚህ ፊልሙን አስቀድሞ፣ ጊዜ ሳለ፣ በትንሽ መጠን ገልብጦ ማስቀመጥ ይሻላል።

የሰው ንግግር ግን ሌላ ነው። በሴኮንድ 64 ኪሎቢት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ጨዋታ ከ29 ሜጋባይት አይበልጥም፤ የዐሥር ሰዓት ጨዋታም ከ300 ሜጋባይት በታች ነው። አያቲቱ በክረምቱ ማታ ማታ ያወሩት ሁሉ፣ ተረቱም የዘር ቈጠራውም፣ ከአንድ ጥርት ያለ ፊልም ጥቂት ደቂቃዎች ጋር ቢመዘን እኩል ነው። ከሁሉ አብልጦ የሚናፈቀው ከሁሉ ይልቅ የሚቀለው ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ላይ የዛሬው ምክራችን ፍሬ ነገር ይመጣል። እስካሁን የቈጠርናቸውን በሮች ሁሉ ከፍተው እንኳ የማይከፈት በር አለ፤ እርሱም መረቡ ራሱ የተቋረጠ እንደ ሆነ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ በታወጀበት ወቅት በክልሉ በብዙ ስፍራ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደ ነበር እናስታውሳለን። በእንዲህ ያለ ጊዜ ራውተርም፣ ዋየርጋርድም፣ ብልሃትም አይረዳም። ሃርድ ዲስክም እንደ ሰው ቀኑ ሲደርስ ያልፋል፤ መብራት በሄደና በመጣ ቍጥርም ቀኑ ይቀርባል። እንግዲህ በአንድ ቤት፣ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ያለ የአያት ድምፅ ከሩቅ አለመሰማቱ ትንሹ ችግር ነው። ትልቁ ችግር ሌላ ቅጅ የሌለው መሆኑ ነው።

ስለዚህ፣ ውድ አንባቢ፣ ለበዓል ወደ ቤትዎ በሄዱ ጊዜ ሦስት ነገር አድርገው ይመለሱ። አንደኛ፣ የማይተካውን፣ ማለት የሰው ድምፅና ፎቶግራፍ፣ ከሰርቨሩ ሌላ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገልብጡ፤ ሌላ ቅጅም በኪስዎ ይዘው ይውጡ። ሰርቨሩ መጐብኛ እንጂ መቀበሪያ አይሁን። ሁለተኛ፣ ከመሄድዎ በፊት የስልክዎን ዋይፋይ አጥፍተው፣ ከግቢው ወጥተው፣ ከውጭ መግባትዎን ይፈትኑ፤ ራውተሩንና ኮምፒዩተሩንም አጥፍተው እንደ ገና በማብራት ሁሉም በራሳቸው መነሣታቸውን ያረጋግጡ። አርብ ገበያ ላይ በዐሥር ደቂቃ የሚቃና ነገር ባሕር ዳር ከደረሱ በኋላ የአንድ ወር ራስ ምታት ነው። ሦስተኛ፣ በአማርኛ በጕልህ ተጽፎ ከራውተሩ በላይ የሚለጠፍ አንድ ወረቀት ይተዉ። «መብራት ሲመጣ ይህችን ቁልፍ ተጫኑ። ክዳኑን አትክደኑ። በብሮውዘር ላይ ይህንን ቁጥር ጻፉና የታየውን ንገሩኝ» የሚል ይሁን። የይለፍ ቃሉን ግን በወረቀቱ ላይ አይጻፉ።

በመጨረሻም እቤት የቀረችውን እኅት አይርሷት። እስካሁን በተረክነው ምርመራ ሁሉ በዕውቀት የሚመራው ባሕር ዳር ያለው ተማሪ ቢሆንም፣ በእጇ የምትሠራው እርሷ ናት። ለምን እንደምትነካው ሳይነገራት «ይህንን ንኪ፣ ያንን ተዪ» የሚባል ሰው ይሰለቻል። የሦስቱን በሮች ምስጢር አንድ ማታ ቢያስረዷት ግን፣ በሚቀጥለው ጊዜ እርስዎ ሳይደውሉ እርሷው መርምራ፣ አቃንታ፣ «ወንድምዓለም፣ አሁን ሞክረው» ብላ ትደውላለች። ለእርሷም የተሰበሰበው የሒሳብና የፊዚክስ ትምህርት እዚያው ዲስክ ላይ ነውና፣ የራሷን ቤተ መጻሕፍት ቍልፍ በእጇ አስጨበጧት ማለት ነው።

በሚመጣው ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ድረስ ደኅና ይሰንብቱ።